የመብራት ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን እዩ

ከከሰል ተላቆ በመብራት ማብሰል የፈለገ ሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ምጣድ ይመርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ ቤቱ ያስገባል። ችግሩ የሚታየው ሊጡ ከደረሰ በኋላ ነው። ብሬከር ይወርዳል፤ ሶኬት ይቀልጣል፤ ወይም ምጣዱ በቅጡ ሳይግል ይቀርና እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይጣበቃል። ወር ሲሞላ ደግሞ የፍጆታው ሒሳብ ይከተላል። እኛ ቤት የሠራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ቆጣሪውን፣ ከዚያ የወሩን ሒሳብ፣ ዕቃውን በመጨረሻ ማየት ነው። በዚሁ ተራ እጽፈዋለሁ።

ገበያ ላይ ያለው የሸክላ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይወስዳል። 3 የሚወስድም 4 የሚደርስም አለ፤ ሻጩን ጠይቁ፣ ምልክት ካለው አንብቡ። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። የግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ለ16 አምፔር ስለሆነ ሻጩ «በማንኛውም ሶኬት ይሠራል» ቢላችሁ በወረቀት ልክ ነው። ግን 16 አምፔር ለአምስት ደቂቃ መሸከምና ለአንድ ሰዓት ተኩል መሸከም አንድ አይደለም። የሶኬቱ ውስጥ መያዣ ትንሽ ከላላ መገናኛው ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ብዙ ሰው «ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ብሎ ይደነግጣል። ብሬከር የሚያየው በሽቦው የሚያልፈውን የአምፔር መጠን ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የጋለ መገናኛን አያይም። ስለዚህ ሶኬት አጠገብ የማቃጠል ሽታ ከመጣ ብሬከሩን አትጠብቁ፤ አጥፉት።

መፍትሔው ለምጣዱ የራሱን መስመር ማስዘርጋት ነው። ከዋናው ማከፋፈያ ሣጥን ተነስቶ እስከ ማድቤቱ የሚሄድ 4 ሚሊ ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ። ምጣዱ በሶኬት ሳይሆን በቀጥታ፣ በብሎን በሚጠብቅ ተርሚናል ይገናኝ። ሦስተኛው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ማለትም ግራውንዱ፣ ከምጣዱ ብረት እግር ጋር ይታሰር፤ ሌላው ጫፉም መሬት ውስጥ በተቀበረ ዘንግ ላይ በእርግጥ መድረሱን አረጋግጡ። ሽቦው ተዘርግቶ መጨረሻው ከምንም ሳይገናኝ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ዲቫይደር ለምጣድ ፈጽሞ አይሆንም። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም አይሆንም፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው።

በተለይ የደሴ የቆዩ ቤቶች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ነው፤ መብራት የገባለት ለአንድ አምፖል ታስቦ፣ በቀጭን 1.5 ሚሊ ካሬ ሽቦ፣ በቆርቆሮው ሥር ተጎትቶ ነው። ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆን በዚያ ሽቦ ምጣድ ስታበሩ 8 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ 120 ዋት የሚሆነው ኃይል ሊጡን ሳይሆን ቆርቆሮ ሥር ያለውን እንጨት ያሞቃል። ይኸው ርቀት በ4 ሚሊ ካሬ 3 ቮልት ብቻ ነው የሚያጠፋው። የሽቦው ወጪ ከምጣዱ ዋጋ ጋር ሲደመር ሊያስከፋ ይችላል፤ እኔ ግን ሰው ብር የሚያጥረው ከሆነ ምጣዱን አንድ ወር አዘግይቶ ሽቦውን ቢያስቀድም እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ዋናውን ብሬከር ተመልከቱ። ላዩ ላይ 25 የሚል ከተጻፈ፣ ምጣዱ 16 ሲወስድ የሚቀራችሁ 9 አምፔር ነው። ባለ 2000 ዋት ምድጃ ብቻውን 9 ይወስዳል። ላዩ ላይ ፍሪጅ ሲነሳ ወይም ውኃ ማፍያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል፤ መውረዱም ትክክል ነው። ስለዚህ ምጣድ ሲጣድ ምድጃ፣ ውኃ ማፍያና ካውያ ይረፉ። «ብሬከሩን በ40 ቀይርልኝ» ብሎ ባለሙያ የሚጠራ ሰው ደግሞ አለ። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ሲያድግ፣ ቀድሞ ብሬከሩ ይከለክለው የነበረውን ሙቀት ሽቦው እንዲሸከም ትፈርዱበታላችሁ። ከቆጣሪው በፊት ያለው ደግሞ የእናንተ አይደለም፤ እሱን ማሳደግ ካስፈለገ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማመልከት ነው። እንጀራ ጋግሮ ለመሸጥ፣ ሁለትና ሦስት ምጣድ ባንድ ጊዜ ለማብራት ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው ጭነቱን በሦስት መስመር የሚከፍለውን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይጠይቅ፤ በአንድ ፌዝ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ቆጣሪው ጋ እንሂድ። ብዙ ሰው ቆጣሪን የሚያየው ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ለማድቤት ከእሱ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 800፣ 1000፣ 1600 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል፤ ትርጉሙ ይህን ያህል ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የ1 ኪሎዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው፣ ተቆጠረ ማለት ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፉ፣ ምጣዱን ብቻ አብሩ፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ብልጭታውን ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዙ፣ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ፤ የሚመጣው ምጣዱ በዚያች ደቂቃ የሚወስደው ኪሎዋት ነው። ባለ 1600 ቆጣሪ ላይ ጤነኛ የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ በደቂቃ 93 ጊዜ ያህል ያስብልጨልጫል። በዓይን መከተል ቢያስቸግር በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ዝግ አድርጋችሁ ቁጠሩ። የድሮው ባለ ጎማ ቆጣሪ ከሆነም ዙሩን በመቁጠር በዚሁ ስሌት ይሠራል።

ይህ ቆጠራ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው ሻጩ የነገራችሁ ልክ እውነት መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ የመብራቱ ኃይል የወረደበትን ሰዓት ያሳያል። የምጣድ ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚወርደው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የምጣዱ ኃይል ግን ከ3.5 ወደ 2.3 ኪሎዋት ይወርዳል፣ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ያን ጊዜ 93 የነበረው ብልጭታ 62 ይሆናል። አምፖሉ ትንሽ ፈዘዝ ከማለቱ በቀር ምንም አይታይም፤ ምጣዱ ግን በ15 ደቂቃ ፋንታ ግማሽ ሰዓት ቢቆይም አይግልም፣ እንጀራው ይነጣል፣ ዓይኑ ይደፈናል፣ ሲነሳ ይቀደዳል። ጋጋሪዋ ሊጡን ወይም አብሲቱን ትጠራጠራለች። ሊጡን ከመውቀሳችሁ በፊት ብልጭታውን ቁጠሩ።

ቮልት የሚወርደው ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ሲያበራ ነው፦ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ የበዓል ዋዜማ፣ በረመዳን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት፤ በየቤቱ ሳምቡሳው፣ ሾርባውና ምጣዱ እኩል ይጣዳል። ከትራንስፎርመር ራቅ ብሎ፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት መጀመሪያ ይጎዳል። ስለዚህ ለመጋገር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ሥራ የሚገባ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቢነሳ ኃይሉን ሙሉ ያገኘዋል። እርሾና አብሲት የሚጣልበትን ሰዓት ከዚህ ወደኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሊጡ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ያፈጥነዋል፣ የደሴውን ሰዓት ይዞ ኮምቦልቻ የጋገረ ሰው የኮመጠጠ እንጀራ ይበላል።

ስታቢላይዘር ገዝቶ ምጣድ ለማዳን የሚያስብ ካለ ይተወው። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ምጣድ ከተሰካበት ይቃጠላል። ምጣድ የሚችል ትልቅ ስታቢላይዘር ደግሞ ውድ ከመሆኑም በላይ የጎደለውን ቮልት የሚሞላው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ነው፤ ቀጭኑን ሽቦ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ሰዓት መቀየር ነጻ ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ አንድ ምጣድ ለመጋል ብቻ 15 ደቂቃ ቢወስድ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አንድ እንጀራ ሳይወጣ አለቀ። ከዚያ በኋላ 25 እንጀራ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ ባይሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባንድ ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያዙ፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር ከ40 እስከ 45። ያንኑ 25 እንጀራ ከሁለት ከፍላችሁ ብትጋግሩ ያቺ 0.9 ሁለት ጊዜ ትከፈላለች። ስለዚህ ባንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ያዋጣል፤ ገደቡ ሻጋታው ነው። ደሴ ላይ እንጀራ አራት ቀን በደንብ ይቆያል። ኮምቦልቻ ሦስተኛው ቀን ላይ መሻገት ይጀምራል፤ እዚያ ያለ ቤተሰብ ጋገራውን ማሳነሱ አይቀርም፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ጎረቤት ተስማምቶ ሁለቱ ቤት በተከታታይ፣ ምጣዱ ሳይበርድ ቢጋግር ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከመጨረሻው እንጀራ በፊት ማጥፋትም ልመዱ፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት አንዱን በእርግጠኝነት ያወጣል፣ ቂጣ ወይም ቆሎ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይሠራበታል።

የቤት ታሪፉ በእርከን ነው፤ እርከኖቹ በ50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ይለዋወጣሉ፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ስለዚህ ከሰው የሰማችሁት የዛሬ ዓመት ዋጋ አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ የራሳችሁ ሁለት ወር ደረሰኝ ነው። ምጣድ ከመግባቱ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አድርጉ፤ የብሩን ልዩነት ለኪሎዋት ሰዓቱ ልዩነት አካፍሉ። የምታገኙት ምጣዱ በእርግጥ የሚያስከፍላችሁ ዋጋ ነው። ጠቅላላውን ብር ለጠቅላላው ፍጆታ ማካፈል ያሳስታል፤ ምጣዱ ከመግባቱ በፊትም የነበረው ፍጆታ ይቀላቀልበታል።

አንድ ቤት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይዞ 65 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ምጣዱ ሲጨመር 110 ይደርሳል፤ 100ን አለፈ። ባለ 1.5 ኪሎዋት ምድጃ በቀን ሰዓት ተኩል ሲበራ ሌላ 67 ይጨምራል፤ 177 ሆነ፣ ገና 200 ሥር ነው። የሻወር ቦይለር ባለ 1.5 ኪሎዋት በቀን አንድ ሰዓት ቢጨመርበት 222 ይሆናል። እርከኑን ያሻገረው ምግቡ አይደለም፣ ቦይለሩ ነው። ሰው ሒሳብ ሲጨምርበት ምጣዱን ያወግዛል፤ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቦይለሩ ነው።

ከከሰል ጋር ለማወዳደር ይህን ያዙ። አንድ ኪሎ ከሰል ውስጥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለ፤ በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ግን ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከአምስት ወይም ከአራት አንዱ እጅ ነው። ያን ያህል ሥራ በኤሌክትሪክ ምድጃ ለመሥራት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ ያንድ ኪሎ ከሰል ዋጋ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከበለጠ፣ መብራቱ ያዋጣል። ጆንያው ሲገባ መዝኑት፣ የተከፈተበትንና ያለቀበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ ሥሩ የሚቀረውን ዱቄትና ድንጋይም ቀንሱ። ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ካላችሁ ከሰሉን ሩብ ያህል ስለሚቆጥብ ልዩነቱ ይጠባል።

ለወጥ የሚሆነውን ምድጃ ስትመርጡ ከፍታውን አትርሱ። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውኃ የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 94 ይጠጋል። ባቄላ፣ ሽምብራና የበሬ ሥጋ ደሴ ላይ ሰዓት የሚፈጁት ለዚህ ነው፤ የምድጃውን ቁጥር ከፍ ማድረግ እንፋሎት ያበዛል እንጂ አያበስለውም። የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር 1000 ዋት ብቻ ወስዶ፣ ግፊቱ ሲሞላ ራሱ እያጠፋ፣ በግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ያው ሥጋ በተራ ምድጃ ከእጥፍ በላይ ይፈጃል። መስመሩ ምጣድ ለማይችል ቤት የእኔ የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፤ 5 አምፔር እንኳ አይሞላምና የቆየ መስመርም ይችለዋል። ኢንዳክሽን ምድጃም ፈጣንና ቆጣቢ ነው፤ ግን ማግኔት የሚይዘው ድስት ይፈልጋል። አሉሚኒየም ድስት፣ ሸክላና ጀበና አይሠሩበትም። ቮልት ሲወርድም አንዳንዱ ይጮህና ይጠፋል። ቡናው በከሰል ይቆይ፤ የሚፈጀው ትንሽ ነው። ማንደጃውን ግን በብርድ ምክንያት በር ዘግታችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ፤ የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላል።

ተከራዮች ሌላ ገደብ አለባቸው። አምስት ቤተሰብ ባንድ ቆጣሪ ሲኖር፣ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀር ፍጆታ ተደምሮ የላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። አከራዮች «ምጣድና ምድጃ አይቻልም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው፤ ክፋት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ለየክፍሉ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠም ይቻላል። «እትዬ፣ የኔን ልዩነት ለብቻ እከፍላለሁ፣ ወሩ ሲያልቅ አብረን እናንብበው» ብላችሁ ቀርባችሁ፣ ምጣዱ የሚበራበትን ቀንና ሰዓት ካሳወቃችሁ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ጭቅጭቅ የሚነሳው «በሰው ቁጥር እናካፍል» ሲባል ነው፤ የማይጋግረው ለሚጋግረው ይከፍላል።

ምጣዱ ውሎ ሲያድር ከሸክላው ሥር ያለው ማሞቂያ ሽቦ ይበጠሳል። ጠጋኙ የተበጠሰውን ቆርጦ መልሶ ቢቀጥለው ሽቦው ያጥራል፤ ያጠረ ሽቦ ደግሞ ብዙ አምፔር ይስባል። አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ 16 የነበረው ወደ 18 ይወጣል፣ ቅጥያዋ ቦታ ላይም እንጀራው ክብ እያበጀ ይቃጠላል። ሙሉ አዲስ ሽቦ አስገቡ፣ ጄሶውም በደንብ ሳይደርቅ አታብሩት፤ እርጥብ ጄሶ ይነዝራል። ሸክላው ከተሰነጠቀም ሊጥ ወደ ሽቦው ይወርዳል፤ የተሰነጠቀ ምጣድ ላይ በእርጥብ እጅ መሥራት ለሕይወት ያሰጋል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አለማሳረፍ ስንጥቁን በብዙ ያዘገየዋል።

ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ሊጥ ከመቅዳታችሁ በፊት የቀረውን አንብቡ፤ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በታች ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ።

መብራት መሐል ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ወጥቶ፣ መብራቱ ማንም በሌለበት ተመልሶ፣ ምጣዱ ላይ የተተወ ጨርቅ ወይም ሰፌድ የተያያዘበት ቤት አለ። ቀሪውን ሊጥ ደሴ ላይ ክዳኑን ገጥማችሁ ብርዱ ቦታ ብታስቀምጡት እስከ ነገ ጠዋት ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ግን ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሊጡ ላይ የቆመውን ውኃ ቀይሩ፤ እንዲያም ሆኖ ከግማሽ ቀን በላይ አትመኑት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከተማዎቻችን ያለ መብራት የቆዩበትን ጊዜ ያየ ሰው የእንጨት ምጣዱን አይሸጥም። ቦታ ካላችሁ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርት ምድጃ ከባዶ ጉልቻ በግማሽ ያህል ያነሰ እንጨት ይፈጃል፤ ሸክላው ምጣድ ይገጥምበታል፣ ሥራ ሲፈታም ጥግ ላይ ይቆማል። ጥቂት ደረቅ ባሕር ዛፍ ከዝናብ ተሸሽጎ አጠገቡ ይኑር።